የኋላው መልሕቅ ሽብልቅ

ኦገስት 19 ቀን 1944

ማስታወሻ መያዝ ክልክል ነው። ጠላት እጅ ከገባ ምስጢር ይወጣል ነው የሚሉት። የምን ምስጢር? ይህች መርከብ እንኳን ምስጢር ስምም የላት። ሌሎቹ የጀግና ስም፣ የከተማ ስም ይወጣላቸዋል። የእኛዋ በቆሎ እርሻ መሃል በሚያልፍ ወንዝ ዳር ተሠርታ፣ ቁጥር ተለጥፎባት፣ በጎኗ ተገፍታ ውሃ የገባች ናት። ለማንኛውም የደሴቶቹን ስም አልጽፍም። የራሴን ብሶት ነው የምጽፈው፤ እሱን ጠላት ቢያነበው ምን ይጠቀማል?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ዝገት ስንፍቅ ዋልን። ታኬት ግን አልፋቀም። እሱ ከካፒቴኑ ማማ ጎን አራተኛውን ዘንባባ ሲስል ነው የዋለው። ታንክ ላራገፍንበት የባሕር ዳርቻ ሁሉ አንድ አንድ ዘንባባ መሳል ካፒቴን ኮርቤት ያመጣው ነገር ነው፤ ሰውየው በሰላሙ ጊዜ ፒያኖ ሻጭ ነበር። ታኬት ደግሞ እጁ ለቀለም፣ አፉ ለወሬ ይመቻል፤ ከቴነሲ ተራራ የሚመጣ ሁሉ እንዲህ ነው መሰለኝ። ሥዕሉን ሊያይ የሚሄድ ሁሉ ስቆ ነው የሚመለስ። እኔ ሄጄ «ቀለም አታባክን» ስለው «እሺ አለቃ፣ ቅጠል እቀንሳለሁ» አለኝ። አጠገቡ የቆሙት ተንከተከቱ።

ሥራችን ራሱ ቀልድ ነው። ሌላው ባሕረኛ መርከቡን አሸዋ ላይ ቢሰቅል ይከሰሳል፤ እኛ ደሞዝ የምንበላው መርከባችንን አሸዋ ላይ በመስቀል ነው። ወደ መሬት እንነዳታለን፣ ልንደርስ ስንል ከኋላ መልሕቅ እንጥላለን፣ አፍንጫዋን ከፍተን ታንኮቹን እናራግፋለን፣ ከዚያ ያንኑ መልሕቅ በዊንች፣ ገመድ በሚጠቀልለው መዘውር፣ እየሳብን ራሳችንን ወደ ጥልቁ ውሃ እንጎትታለን። መልሕቁ በጊዜው ካልወደቀ እዚያው ተጋድሞ መቅረት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በሐይቃችን ላይ ዓሣ ሳጠምድ ኖሬ እንዲህ ያለ እብደት አይቼ አላውቅም።

ኦገስት 24

የፊልም ማሽኑ ተበላሸ። ሰዎቹ «ታኬት! ታኬት!» ብለው ጮኹ። ሸሚዙ ውስጥ ትራስ ጠቅጥቆ፣ ወገቡን ይዞ፣ እንደ ዳክዬ እየተንገዳገደ ብቅ አለ። ወዲያው ገባኝ። «ይኼ ደግሞ ምን ባሕር ነው! የእኛ ሐይቅ ላይ ቢሆን ኖሮ!» አለ በእኔ ድምፅ። መርከቧ በሳቅ ልትፈርስ ደረሰች። ዳቦ ጋጋሪው ሌስተር እንኳን፣ ያ ቃል የማይተነፍሰው ሰው፣ ሆዱን ይዞ ይንፈራፈራል። ካፒቴኑ እንባውን በመሐረብ ሲጠርግ አየሁት።

እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ሁሉም ወደ እኔ ነበር የሚያየው። እንደ ዳክዬ አልሄድም። «የእኛ ሐይቅ» የምለውም አልፎ አልፎ ነው።

አልተናደድኩም።

ኦገስት 26

የሰው ድልድል ቀየርኩ። ቡድሮን ከኋላው ዊንች አንስቼ ወደ ፊት በሮች አዛወርኩት፤ ታኬትን ከፊት ወደ ኋላ። ለሥራው ስል ነው። ሰው አንድ ቦታ ሲቆይ ይሰንፋል። እዚያ ኋላ የናፍጣ ጭስና ሙቀት እንጂ ተመልካች የለም፤ ቀልዱን ለማን እንደሚያወራ እናያለን።

ቡድሮ የሉዊዚያና ሰው ነው። መርከቧ ውሃ ከነካችበት ቀን ጀምሮ አብሯት አለ፤ ብዙ አይናገርም። ዕቃውን ሰብስቦ ሲመጣ ግን «ስለ እንጨቷ ንገረው» አለኝ።

«ምነው፣ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ እኔ ምን ቤት ነኝ። ብቻ ንገረው። ካልሆነም እኔ ልንገረው?»

«ያዛወርኩት እኔ፣ የምነግረውም እኔ» አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

እንጨቷ ማለት ሽብልቋ ናት። የዊንቹ ፍሬን ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ይንሸራተታል። ባሕር ላይ መርከቧ ስትንቀጠቀጥ ገመዱን ትንሽ በትንሽ እየለቀቀ፣ አንድ ቀን መልሕቁ ወርዶ የመርከቧን ቂጥ ሲደልቅ አደረ። ከዚያ ወዲህ ቡድሮ ሽብልቅ ቀርጾ ፍሬኑ ሥር በመዶሻ ይቀረቅራታል፤ ወደ መሬት ስንቃረብ መትቶ ያወጣታል። እሷ እያለች ፍሬኑን ሰባት ጊዜ ብታላላው ገመዱ ንቅንቅ አይልም። ደንብ ላይ የለችም። ካፒቴኑ አንድ ቀን አይቷት «እኔ ምንም አላየሁም» ብሎ አልፏል። ቅባት ጠጥታ እንደ ብረቱ ስለጠቆረች የማያውቃት ሰው አጠገቧ ቆሞም አያያት።

ኦገስት 30

ጫንን። ታንኮቹ ከታች በሰንሰለት ታስረዋል፤ ወታደሮቹ በየደረጃው፣ በየጀልባው ሥር ተኝተዋል። የመጠጥ ውሃው እንዲበቃ የመታጠቢያው ከተዘጋ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ተራግፈን እስክንመለስ መታጠብም የለ፣ መላጨትም የለ። ካፒቴኑ ራሱ ጺሙ ተንጨባሮ ለማኝ መስሏል።

ታኬት ቀይ ጺም አወጣ። «ኦፓል ብታየኝ ፍየል ነው ያገባሁት ብላ ወደ እናቷ ትሄድ ነበር» ይላል ለወታደሮቹ። ኦፓል ሚስቱ ናት፤ በኦክቶበር ትወልዳለች። ፎቶዋን ለማንም ያሳያል። ለእኔም አሳየኝ። «አለቃ፣ ወንድ ከሆነ ቨርጂል ብዬ በስምህ እጠራዋለሁ። አረማመዱን ግን እግዜር ይጠብቀው!»

«ሥራህን ሥራ» አልኩት።

ሴፕቴምበር 3

ባሕር ላይ። ታኬትን ስለ ሽብልቋ ልነግረው ወደ ኋላ ሄጄ ነበር። ቀድሜ የቀረቀርኳት እኔ ራሴ ነኝ፣ ከወደብ ስንወጣ፣ እሱ ምሳ ላይ እያለ። ስደርስ አምስት ስድስት ሆነው ይስቃሉ። ሲያየኝ ታኬት እጁን ከወገቡ ላይ ቶሎ አወረደ።

«ምን ፈለግህ አለቃ?»

«ምንም። ገመዱን ልይ ብዬ ነው።»

ገመዱን አየሁና ተመለስኩ። ከኋላዬ አንዱ ሳቁ አምልጦት ሲያስል ሰማሁ። ነገም አለ።

ሴፕቴምበር 5

ሰንሰለቶቹን ፈተሽኩ። ጀልባዎቹን ፈተሽኩ። ነገ ጎሕ ሲቀድ እንወጣለን። ሌስተር እሑድ ሳይሆን ቀረፋ ዳቦ ጋገረልን። ሁለት በላሁ፤ ሦስተኛውን ወረቀት ጠቅልሎ ኪሴ ከተተልኝ። ለዚያ ሳቁ ካሳ መሆን አለበት።

ሴፕቴምበር 6

ተሰቀልን። መልሕቁ ዘግይቶ ወደቀ። ታንኮቹ ወርደዋል። መውጣት አልቻልንም፣ ባሕሩ እንደየዕለቱ ልማዱ ከዳርቻው ሸሸ። ቁስለኛ እያመጡብን ነው።

ሴፕቴምበር 7

ሞርታር። ማድ ቤቱን መታው። ሌስተር። ሌሎችም ሁለት። ከሰዓት በኋላ በሁለት ጎታች መርከብ ተጎትተን ወጣን። ዳቦው እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ሴፕቴምበር 9

ገና ዛሬ ነው ለመጻፍ የተቀመጥኩት። በወጉ ልጻፈው።

እኔ ፊት፣ ጀልባዎቹ ጋ ነበርኩ። ከማማው «የኋላ መልሕቅ ጣል!» ሲባል ሰማሁ። ገመዱ ሲለቀቅ የሚሰማው ጩኸት አልሰማ አለኝ። ሮጥኩ። መርከቧ ረጅም ናት፤ የዚያን ቀን ደግሞ ጭራሽ ማለቂያ አልነበራትም፣ በየርምጃው የወታደር እግር። ስደርስ ታኬት ፍሬኑን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ አሁንም ሊያዞር ይታገላል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለቅቄዋለሁ አለቃ! ለቅቄዋለሁ እኮ! አይወርድም!»

መዶሻውን አንስቼ ሽብልቋን መታኋት። በሦስተኛው ወጥታ ባሕር ገባች። ገመዱ ጮኸ። ግን አፍንጫችን አሸዋውን ነክቶ ነበር፤ መልሕቁ ቂጣችን ሥር ወደቀ። ከዚያ በኋላ ቢስቡት ባዶ ባልዲ እንደመሳብ ነው፣ መልሕቁ ራሱ ወደ እኛ መጣ።

ታኬት «ምንድን ነበረች እሷ?» አለኝ።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! ሁሉም ያውቃታል። ቡድሮ ያውቃታል፣ እኔ አውቃታለሁ፣ ካፒቴኑም ያውቃታል።

ቁስለኞቹን ታንኮቹ በወረዱበት ወለል ላይ ደረደርናቸው። እኛ የምናወጣቸው መስሏቸው ነው ያመጧቸው፤ የሆስፒታሉ መርከብ ከአድማሱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። አንዱ ደረቱን የተመታ ታንከኛ «መቼ ነው የምንሄደው?» ይላል። ባሕሩ ሲመለስ እለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «መቼ ነው የምንሄደው?» ታኬት አጠገቡ ተቀምጦ ከንፈሩን በጨርቅ ያረጥብለት ነበር፣ ሲመሽም ሲነጋም ከእሱ አልተነሣም። ጠዋት ሰውየው መጠየቁን ተወ። ሞርታሩ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለታኬት ሳልነግረው አልቀረሁም። ሥራ በዝቶ ነበር እንጂ ነግሬዋለሁ። አንድ ጠዋት ነግሬዋለሁ።

ሴፕቴምበር 14

ወደ ኋላ ሰፈር ተመለስን። ውሃ ተለቀቀ። ሰው ሁሉ ሲታጠብ ዋለ፤ የማንም ጨዋታ አይሰማም።

ካፒቴኑ ክፍሉ ጠራኝ። አስቀመጠኝ፤ አስቀምጦኝ አያውቅም።

«መርማሪ መኮንኖች ይመጣሉ ሃውገን። ያቺ እንጨት… ደንብ ላይ የለችም።»

«የለችም ጌታዬ።»

«እኔም አይቻት አላውቅም።»

«አላዩዋትም ጌታዬ።»

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልላል። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። «ታኬት ተነግሮት ነበር?»

«ተነግሮታል» አልኩ።

ትንፋሹን ለቀቀ። «እንግዲያው የአንድ ሰው መዘንጋት ነው። ካልተነገረው ግን የሁላችንም ነው፤ መርከቧንም ይወስዱብኛል፣ አንተንም ያባርሩሃል።» ልወጣ ስል ደግሞ «የዋና አለቃነት ማዕረግ እንዲሰጥህ ባለፈው ወር ነው የጻፍኩልህ፤ ከዚህ ጋር አታገናኘው» አለኝ።

አላገናኘሁትም።

ሴፕቴምበር 17

ታኬት መጣ። ጺሙን ተላጭቶ የሌላ ሰው ፊት ይዞ ነው የመጣው። ገመድ ጥቅሉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀልድ የለ፣ ምን የለ።

«አለቃ፣ ስለዚያች እንጨት ነግረኸኝ ነበር?»

ሲጋራዬን አጠፋሁ።

«ነግረኸኝ ከሆነ ንገረኝ። ባስበው ባስበው ትዝ አይለኝም። ሌስተርን እኔ ገድዬው ከሆነ ማወቅ አለብኝ። ያንን ታንከኛም። እኔ ባልሆን ደግሞ… እኔ ባልሆን ደስ ይለኛል አለቃ፣ አልዋሽህም።»

ዓይኔን እያየ ነበር። በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል ነበር የምትበቃው። አፌ ውስጥም ነበረች።

«ነግሬሃለሁ» አልኩት።

«መቼ?»

«አንድ ጠዋት። እየተላጨህ ነበር። ራስህን ነቀነቅህልኝ።»

ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። ስናገረው ግን ታየኝ፤ መስታወቱ፣ ሳሙናው፣ ሁሉም።

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ነኛ» አለ። «እኔ ነኛ እንግዲህ።» ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ ተቀመጥኩ። እጄን ላስቀምጥበት ብዬ ተውኩት። የሰው ነገር አይሆንልኝም፣ ድሮም እንዲሁ ነኝ።

ሴፕቴምበር 20

ካፒቴኑ አምስተኛው ዘንባባ ይሳል አለ። ታንኮቹ ወርደዋል፣ ማረፊያው ይቆጠራል አለ። ማን ይሥለው? ታኬት። መርማሪዎቹ መጥተው ከሰውታል፤ ግን ክስ ላይ ያለ ሰውም ሥራ አይፈታም ተባለ።

ማንም ሊያይ አልሄደም። በዚያ በኩል ሳልፍ ጠራኝ።

«አለቃ! ትዝ አለኝ እኮ! ሳሙናው ጆሮዬ ገብቶ ነበር፤ ለዚያ ነው በደንብ ያልሰማሁህ። አንተ በሩ ላይ ነበርክ፣ አይደል?»

ደስ ያለው ይመስል ነበር፣ ዕቃው ጠፍቶት እንዳገኘ ሰው።

«በሩ ላይ ነበርኩ» አልኩት።

እኔም አሁን ሳስበው ጆሮው ላይ ሳሙና ነበር።

ሴፕቴምበር 26

ችሎቱ የተሰየመው ደሴቲቱ ላይ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ሦስት መኮንኖች፤ አንዱም የእኛ ዓይነት መርከብ ላይ ሠርቶ አያውቅም። መልሕቅ ከኋላ ይጣላል ወይ ብሎ የጠየቀኝ አለ። አንጀቴ እያረረ አስረዳሁት።

«ስለ ሽብልቋ ለተከሳሹ አስረድተኸው ነበር?»

«አዎ ጌታዬ።»

«መቼ?»

«አንድ ጠዋት፣ ጌታዬ። ሲላጭ።»

ጻፉት። ካፒቴኑ ሽብልቋን አይቷት እንደማያውቅ ተናገረ፤ ድምፁ ረጋ ያለ፣ ለደንበኛ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ታኬትን አቆሙት። አንድ ወጣት መኮንን ጠበቃ ሆኖ ተመድቦለት «ዝም በል፣ እነሱ ያስረዱ» ብሎት ነበር አሉ። ታኬት ግን ዝም አላለም።

«ነግሮኛል ጌታዬ። ሳሙና ጆሮዬ ውስጥ ነበር፣ ራሴን ግን ነቅንቄያለሁ። አለቃ ሃውገንን በዚህ አታስገቡት። እሱ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ነኝ ሰው ቁም ነገር ሲነግረኝ የምቀልደው።»

አንገቴን ደፋሁ። ቡድሮ ከኋላዬ ወንበር ላይ ነበር። እሱን ምንም አልጠየቁትም፤ ስለ ፊት በሮቹ ብቻ።

ሴፕቴምበር 28

ፈረዱበት። ማዕረጉን ገፈው፣ ሁለት ዓመት የባሕር ኃይል እስር፣ ከዚያ በመጥፎ ጠባይ መሰናበት። የጦር ሜዳ ጡረታ የለ፣ ምን የለ። ሚስቱ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። ለካፒቴኑ የቃል ተግሣጽ። ለእኔ ምንም።

ቡድሮ መዶሻ ሊመልስ መጥቶ ቆመ። መዶሻውን አላስቀመጠም።

«በዚያ ሳምንት ውሃ ተዘግቶ ነበር» አለ።

«እና?»

«ማንም አልተላጨም።»

«ምን አገባህ አንተ?» አልኩት። «አውቃለሁ ካልክ ለምን እዚያ አልተናገርክም?»

«ልናገር ብዬ ከችሎቱ በፊት እሱ ዘንድ ሄጄ ነበር። ‹ተሳስተሃል ቡድሮ፣ ሳሙናው ትዝ ይለኛል› ብሎ ማለልኝ። እሱ ራሱ ውሸታም እያለኝ እኔ ብናገር ማን ይሰማኛል? አንተ ብትናገር ግን…» መዶሻውን እግሬ ሥር አስቀመጠው። «መኮንኖቹ ነገ ከሰዓት ነው የሚሄዱት።»

ሴፕቴምበር 29

ወደ ደሴቲቱ የምትሄደው ጀልባ ጠዋት ከጎናችን ቆማ ነበር። ሸሚዝ ቀይሬ ወጣሁ። መሰላሉ ጋ ደረስኩ። አንድ እግሬንም አሳርፌያለሁ።

«ሃውገን!» አለ ካፒቴኑ ከማማው ላይ፣ በሁሉም ፊት። «ወረቀትህ መጣ! ዋና አለቃ!» ሰዎቹ አጨበጨቡ። ከልባቸው አልነበረም፤ ግን አጨበጨቡ። እጅ የሚጨብጠኝ በዛ፤ ጀልባዋ አልጠበቀችኝም፣ ሄደች። ሌላ ጀልባ ስትመጣ ስንቅ ማውረድ ነበረብኝ።

መኮንኖቹ በሰዓታቸው ሄዱ።

ኦክቶበር 2

ታኬትን ወሰዱት። ሁለት ጠባቂ፣ አንድ ከረጢት። መሰላሉ ጋ ቆም ብሎ ሊያናግረኝ ለመናቸው።

«አለቃ፣ ለኦፓል ጻፍላት። ሰነፍ ሆኜ ሳይሆን ዘንግቼ መሆኑን ንገራት። ከእኔ ከሰማችው ልደልላት መስሏት ነው የምታለቅሰው፤ ከአንተ ከሆነ ታምናለች።»

«እሺ» አልኩ።

«ደግሞ ይቅርታ አድርግልኝ። በዚያ በዳክዬው። ሰው ስለሚስቅ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።» አቀፈኝ። የቀለም ሽታ ነበረው።

የማጽናናው እኔ መሆን ሲገባኝ እሱ ነበር የሚያጽናናኝ። ቡድሮ የመርከቧን አጥር ተደግፎ ያየናል። ጀልባዋ ስትርቅ ታኬት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አንዴ እንደ ዳክዬ ተወዛወዘልን። የሳቀ የለም።

ኦክቶበር 9

አዲስ ቆብ አለኝ። የምበላው ከዋና አለቆቹ ጠረጴዛ ነው፤ እኛ ሦስት ነን፣ ሁለቱ ስለ ሞተር ብቻ ያወራሉ። እንደ ድሮው «አንተ» የሚለኝ ጠፋ፤ «እርስዎ» ሆንኩ። እሑድ ቀረፋ ዳቦ የለም። አዲሱ ጋጋሪ የጫማ ሶል ነው የሚጋግር።

ካፒቴኑ የመርከቧን የአገልግሎት ታሪክ ለጸሐፊው ሲያስጽፍ ሰማሁ። «ሴፕቴምበር 6፣ ታንኮቿን በተሳካ ሁኔታ አራገፈች። በባሕሩ መሸሽ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ዘገየች።» ከጦርነቱ በኋላ ልጆች የሚያነቡት ይኼን ነው። ማድ ቤቱ ላይ የተለጠፈውን አዲስ ብረት ቀለም ቀብተንበታል፤ የማያውቅ ሰው አያየውም።

ለኦፓል መጻፍ ጀመርኩ። «ውድ ወይዘሮ ታኬት» ካልኩ በኋላ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። ነገ እጨርሰዋለሁ። ለእሱ ከቴነሲ ደብዳቤ መጥቶለት ነበር፤ ፖስተኛው ወደ እስር ቤቱ ላከው። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም።

ኦክቶበር 16

ደግሞ ጫንን። ሌላ ደሴት፣ ያው አሸዋ። ውሃ ትናንት ተዘጋ።

የኋላው ዊንች ላይ አዲስ ሰው አለ። ሂግቢ ይባላል፣ የአይዳሆ ገበሬ፣ ሠላሳ አምስት ያልፈዋል፣ ሲናገር ቃል እየመዘነ ነው። አዲስ ሽብልቅ ራሴ ቀረጽኩ። ቀይ ቀባኋት። ገና ዕቃውን ሳያወርድ ወስጄ አሳየሁት። ከምሳ በኋላ ወስጄ አሳየሁት። መዶሻውን አስይዤ አስመታሁት፣ አስወጣሁት፣ መልሼ አስቀረቀርኩት። ዛሬ ጠዋት ገና ዓይኑን ሳይገልጥ አልጋው ድረስ ሄጄ ቀሰቀስኩት።

«ስለ ሽብልቋ…»

«ነግረውኛል እኮ አለቃ» አለኝ። ተነሥቶ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነበር የጠየቀኝ። «ለዚያኛውም ሰውዬ እንዲህ አድርገው ነው የነገሩት?»

ማዶ አልጋ ላይ ቡድሮ ጫማውን ያስር ነበር። እጁ ቆመ።

«አዎ» አልኩት። «ጠዋት ነበር። እየተላጨ ነበር።»

ሂግቢ ሁለት ቀን ያልተላጨ አገጩን አሻሸ፣ ወደ ደረቀው ቧንቧ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ።